አንድ ሳጥን ይበቃል

አዲስ አበባ
ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘውዱ፣

ደብዳቤህ በሾፌሩ በማሩ ኪስ ተጣጥፎ ደረሰኝ። የናፍጣው ሽታ ከፖስታው ቀድሞ ነው የገባው። አልሐምዱሊላህ፣ በሕይወት አለህ! የእጅ ጽሑፍህን ሳይ ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ፊት ጮህኩ፤ ሰውየው የያዘውን ማይክራፎን ጥሎ ሊወጣ ነበር። ከነሐሴ ጀምሮ ስልኩም ዝም፣ መንገዱም ዝም። ስለ ወልድያና ስለ መርሳ የምንሰማው ከዜና ብቻ ነበር፤ ዜና ደግሞ የሰው ስም አይጠራም።

ይቅር በለኝና አንተ ግን ምን ዓይነት ሰው ነህ? ይህን ሁሉ ወር ጠፍተህ ከርመህ የመጀመሪያ ጥያቄህ «ለቤዝ ጊታር የሚሆን ኢኳላይዘር ያለው ፕሪአምፕና ዲአይ ቦክስ የትኛው ይሻላል» ነው? የእናትና አባቴን ደህንነት በሁለት መስመር ጨርሰህ ገጹን ሙሉ ስለ ሳጥን! ግድ የለም። የሙዚቃ ዕቃ ሻጭ መሆኔን ታውቃለህና በምወደው መጣህብኝ።

እንግዲያው ስማ። አምፕሊፋየርህን ከወሰዱብህ ቤዝህን በቀጥታ ድምፅ ማቀላቀያው ሚክሰር ላይ መሰካትህ አይቀርም። የቤዝ ድምፅ ከጊታሩ ሲወጣ ደካማ ነው፤ ረጅም ገመድ ላይ ሲሄድ ይዝላል፣ በመንገዱም የጄኔሬተሩን ጉርምርምታ ሁሉ ይለቅማል። ዲአይ የሚባለው ሳጥን ድምፁን ከዚህ ጠብቆ ሚክሰሩ ድረስ ያደርስልሃል። ፕሪአምፑ ደግሞ ከዚያ በፊት ጉልበት ይሰጠዋል፤ ኢኳላይዘሩ ላይ ወፍራሙን፣ መሃሉንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ታዞራለህ። የአንተ ቤዝ ባትሪ የምትበላ ናት ወይስ አይደለችም? ሚክሰሩስ የማን ነው? የምትጫወቱት አዳራሽ ነው ዳስ? ይህን ሳላውቅ አልመርጥልህም።

ደግሞ የምልከው ሁለት ዲአይ ነው። ሐራ ላይ በዚያ ሰርግ አንተና አማን ለአንዲት አሮጌ ሳጥን ሙሽራዋ ፊት ስትጓተቱ የተቀረጸው ቪዲዮ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ያ ታናሽ ወንድሜ «ኪቦርድ ይቀድማል» እያለ ሁልጊዜ ያሸንፍሃል፤ አንተ ደግሞ አምፕህ ፊት ማይክ አቁመህ እንዳኮረፍክ ታመሻለህ። አንድ ለአንተ፣ አንድ ለእሱ ከላክኩ ሰላም ታወርዳላችሁ።

እሱ ግን ለምን በእጁ አልጻፈልኝም? ጽሑፉ ዶሮ የጫረው እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አንድ መስመር ትበቃኛለች። እኔ ሆዴ ገፍቷል። ሐኪሙ ለየካቲት መጨረሻ ነው ያለኝ። የደም ግፊቴ ትንሽ ከፍ ብሏል ብለው መንገድ ከለከሉኝ እንጂ ከማሩ ጋር ጋቢና ገብቼ መምጣቴ አይቀርም ነበር። ባለቤቴ ኡበይደላ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ኢብቲሳም


ወልድያ
ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህቴ ኢብቲሳም፣

ስድብሽ በሰላም ደርሶኛል። ስትሰድቢኝ ጤነኛ መሆንሽ ይታወቀኛልና ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ደብዳቤሽን መርሳ ድረስ ወስጄ ለአባትሽ ለጋሼ ጀብሪል አነበብኩላቸው። ሲያልቅ «ድገመው» አሉኝ። እናትሽ እማማ መሪማ የካቲት መጨረሻ የሚለውን ሲሰሙ በጣታቸው ቆጠሩና ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ ጓዳ ገቡ። ሁለቱም መንገድ መከልከልሽን ወደውታል። «ሐኪሙ ያላትን ትስማ፤ እኛ የትም አንሄድም» ብለውሻል ጋሼ።

ወደ ጥያቄሽ። ቤዜ ባትሪ አትበላም። የተረፈችውም ጋራዡ ውስጥ ከመኪና ሥር የምንገባበት ጉድጓድ ውስጥ፣ ዘይት የጠጣ ጆንያ ለብሳ ነው። ቤት ለቤት የሚፈትሹት ታጣቂዎች ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለቴም እጃቸውን ማቆሸሽ ጠልተው ሄዱ። አንገቷ ትንሽ ጠሟል፤ ስመታት ደግሞ ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለች። አምፑን ግን ወስደውታል። ያለ ቤዝ ምን ሊያደርጉት እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ።

አዳራሽ የሚባል ነገር እርሺው፤ ዳስ ነው። ሚክሰሩ የመርሳው የዳስ አከራይ ነው፤ አሮጌ ነው፣ ለሳጥንም ለማይክም ኃይል አይሰጥም። መብራት ገና ስለሆነ የምንሠራው በጄኔሬተር ነው፤ እሱም እንደ ባለቤቱ ጠባዩ አይታወቅም።

ሁለት እልካለሁ ያልሽውን ግን አትቸገሪ። አንድ ይበቃል።

ስለ አማን ጽሑፍ ያልሽው አሳቀኝ። አንድ ሰርግ ላይ እሱ የጻፈውን የዘፈን ተራ ማንበብ አቅቶን ሙሽሮቹ ሲገቡ የመሸኛውን ዘፈን ጀመርን። የሙሽራዋ እናት «ገና ሳትገባ ልታስወጡብኝ ነው?» ብለው በትር አነሡ። እሱ ኪቦርዱ ሥር ተደብቆ ሲስቅ ትዝ ይለኛል።

በጊዜ ተኚ። ጨው ቀንሺ ብለዋል እማማ።

ዘውዱ


አዲስ አበባ
ጥር 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘውዱ፣

ከጉድጓድ የወጣችውን ቤዝህን ሳምልኝ። አንገቷን ግን ራስህ አቃናለሁ ብለህ እንዳትነካት! የጊታር አንገት የመኪና አካል አይደለም፣ በመዶሻ አይመለስም።

ሦስት ዓይነት ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አየሁልህ። የመጀመሪያው ፕሪአምፑንና ዲአዩን ባንድ ላይ የያዘ ነው፤ ያምራል፣ ማዞሪያው ብዙ ነው። ነገር ግን ኃይል የሚወስደው ከሚክሰር ወይም ከግድግዳ ነው። ሚክሰሩ አይሰጥም ብለሃል፤ የዳሱ ጄኔሬተር አንድ ቀን ከዘለለ ደግሞ ዕቃው ጭስ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው በውስጡ የመስታወት ቱቦ እየጋለ የሚሠራ ነው። ድምፁ ማር ነው፤ ሱቁ ባዶ ሲሆን ለራሴ ከፍቼ እሰማዋለሁ። ግን ተሰባሪ ነው፣ ከደሴ ውጫሌ ባለው መንገድ ብቻ ማሩ ይጨርስልሃል። ሦስተኛው ሁለት የተለያየ ነገር ነው፦ በትንሽ ባትሪ የሚሠራ፣ ሦስት ማዞሪያና መሃሉን የምታፈላልግበት አራተኛ ያለው ፕሪአምፕ፤ ከእሱ ጋር ደግሞ ምንም ኃይል የማይፈልግ ደረቅ የብረት ዲአይ። ለዓይን አይሞላም። ግን መብራት ኖረም አልኖረም ይሠራል፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይከተለውም። የመረጥኩልህ ይኼንን ነው።

ደግሞ እናንተ ቤዝ መቺዎች ሁላችሁም የምትሠሩትን ስህተት ልንገርህ። «አልተሰማም» ሲሏችሁ ወፍራሙን ማዞሪያ እስከ ጥግ ታዞሩታላችሁ። ዳስ ውስጥ ወፍራሙ ጭቃ ይሆናል፤ የዘፋኙንም ድምፅ ይውጠዋል። አምባሰል ስትመታ ቤዙ ለሰው የሚደርሰው ከመሃሉ ነው። ወፍራሙን ቀነስ አድርግና መሃሉን በአራተኛዋ ማዞሪያ ቀስ ብለህ ፈልገው፤ ስታገኘው ራስህ ታውቀዋለህ።

አንድ ይበቃል ማለትህን ይሉኝታ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ከዚያ ግን ሳስበው፣ የአማንን ኪቦርድ ወስደውታል እንዴ? ወስደውት ከሆነ ንገረኝ፣ አልደነግጥም፤ ዕቃ ነው። ድምፁን ያጠፋው በዚያ አኩርፎ ከሆነ እህትህ ሌላ ትፈልግልሃለች በለው። እዚህ ሱቅ የሚመጡ የወልድያ ሰዎች ስልክ እየተመለሰ ነው ይላሉ። አንዳንዶቹ ከእናታቸው ጋር አወሩ። እኔ ጋ የደወለ የለም።

እግሬ አብጧል፤ ሌላው ደህና ነው። ዱዓ አድርጉልኝ፣ አንተም በእናንተው ጸልይልኝ።

ኢብቲሳም


ወልድያ
የካቲት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህቴ ኢብቲሳም፣

የቤዜን አንገት አልነካሁም። እሺ፣ ነክቼ ነበር፤ ግን ደብዳቤሽ ከመድረሱ በፊት ነው። አሁን በሌላ በኩል ጠሟል። ከዚህ ወዲያ አልነካም፣ ቃሌ ነው።

አንቺ ሦስተኛውን መርጠሻልና ሦስተኛው ይሁን። መስታወቱ ማር ነው ስትዪ ትንሽ ልቤ ሄዶ ነበር፤ የማሩን አነዳድ ሳስብ ተመለሰልኝ። ባትሪው መርሳ ገበያ ይገኛል፤ ሬዲዮ ሻጩ ተመልሶ ሱቁን ከፍቷል። መሃሉን ፈልግ ያልሽኝን ያለ ሳጥኑም ጀምሬዋለሁ፤ አውራ ጣቴን ወደ አንገቷ ጠጋ አድርጌ ስመታ ድምፁ ይለያል። ይህን ያህል ዘመን ስመታ የነገረኝ አልነበረም።

ስልክ ያልሽው እውነት ነው፣ አንዳንድ ቦታ ይሠራል። የእኔን ቀፎ ያኔ ከኪሴ ወስደውታል፤ ሌላ አልያዝኩም። ጋሼ ጀብሪልም ስልክ አይወዱም፤ ይቆራረጣል ይላሉ። በደብዳቤ ይሻላል፣ ረጋ ብሎ ይነበባል።

ኪቦርዱን ማንም አልነካውም። እማማ መሪማ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ከአልጋቸው ራስጌ አቁመውታል። በየጠዋቱ ጨርቁን አውጥተው ያራግፉና መልሰው ይጠቀልሉታል። ስለዚህ ሌላ ኪቦርድ አትፈልጊ።

ጋሼ በማሩ ብርቱካን ልከውልሻል። ከላይ ያለው ትልልቁ ለሐኪሙ ነው ብለዋል፤ አንቺ ከሥር ጀምሪ። ከጓሯቸው ነው፤ ዘንድሮ ውኃ የሚያጠጣው ስላልነበረ ትንሽ ደረቅ ይላል። ብቻ አንቺ በሰላም ተገላገዪ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ዘውዱ


አዲስ አበባ
መጋቢት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘውዱ፣

«እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለህ በማሩ የላክኸው ደርሶኛል፤ አላህ ይስጥልኝ። ሴት ናት። ሰዓዳ ብለናታል። ጥርስ ሳይኖራት ትቆጣለች፤ ኡበይደላ በእናቷ ወጥታለች ይላል።

አሁን ስለ ሳጥኑ። ዕቃውን ሳልሞክረው አልልክም ብዬ አራስ ቤት ድረስ አስመጣሁት። ልማድ ሆኖብኝ ሁለት ገመድ ዘረጋሁ፤ አንዱ የቤዝ፣ አንዱ የኪቦርድ። ሁለተኛውን ገመድ እንደያዝኩ ቆምኩ። ኪቦርዱ አለ ብለሃል፤ እናቴ ራስጌ ተጠቅልሎ ቆሟል። ሳጥን ግን አንድ ይበቃል ብለሃል። ዘውዱ፣ አንተ ለዚያች አሮጌ ሳጥን ሙሽራ ፊት የተጓተትክ ሰው ነህ። የሚጓተትህ ቢኖር ኖሮ ሁለት ላኪ ትለኝ ነበር። ብርቱካኑንም ውኃ የሚያጠጣ አይጠፋም ነበር።

ገመዱን መልሼ ጠቀለልኩት።

አትጻፍልኝ። መርዶ በወረቀት አይነገርም፣ ያውም ለነፍሰ ጡርና ለአራስ። ለምን ዝም እንዳላችሁ ገብቶኛል፤ በማናችሁም አልተቆጣሁም። ኡበይደላም ያውቃል። ከወልድያ የመጣ ሰው በር ላይ ሲያንኳኳ ቀድሞ ወጥቶ ደጅ ያናግረዋል፤ እኔም እንቅልፍ የወሰደኝ እመስላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆኖ ነው የምንኖረው።

የሚከብደኝ ምን እንደሆነ ልንገርህ። ማልቀስ አልቻልኩም። ያልተነገረው ሰው ምን ብሎ ያለቅሳል? ልጅቷን ሳጠባ ይመጣል፤ እውጠዋለሁ። ስሙን ጮክ ብዬ ብጠራ ቤቱ ሁሉ ይናዳል። ያ ዶሮ የጫረው ጽሑፉ ናፈቀኝ ዘውዱ። በጣም ናፈቀኝ።

አባባ ግን ይህን ሁሉ ወር ለእኔ ሲሉ ተሸክመውታል። «አውቄው ነበር» ብዬ ብመጣባቸው ሸክማቸው ሁሉ ከንቱ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ እኔ ምንም አላወቅኩም። አርባዬ ወጥቶ፣ ጾሙ አልፎ፣ ከኢድ በኋላ ልጄን ይዤ እመጣለሁ። በወጉ ይንገሩኝ። ይህን ደብዳቤ እንዳታነብላቸው፤ ሌላ ጽፋለች በልና ስለ ሰዓዳ አውራላቸው።

ሳጥኑን ለማሩ አልሰጥም። ራሴ ይዤው እመጣለሁ።

ኢብቲሳም


ወልድያ
መጋቢት 23 ቀን 2014 ዓ.ም.

እህቴ ኢብቲሳም፣

አንብቤዋለሁ። አንብቤ ስጨርስ ጋራዡ ጉድጓድ ውስጥ ገባሁ፤ ከላይ ያለው መኪና ዘይት ያፈስ ነበር፣ እሱን አስመስዬ ፊቴን ጠረግኩ። እንዳልሽው አልጽፍም። አንድም ቃል።

ግን ያንቺን ያህል ልናገር። የመጀመሪያዋን ደብዳቤ ጻፍ ያሉኝ ጋሼ ናቸው። መንገድ እንደተከፈተ መርሳ ወርጄ ሳገኛቸው፣ «ከእኛ ማንም ቢጽፍላት እጁ ይንቀጠቀጥና ታውቅብናለች። አንተ ስለ ሥራ ጻፍላት፤ ሥራ ትወዳለች፣ ስለ ሥራ ከጠየቅካት ሌላውን ትረሳለች» አሉኝ። እኔም ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩና አምፑ የነበረበትን ባዶ ቦታ አየሁ፤ ሌላ የሚጻፍ ነገር ስላጣሁ ስለ ሳጥን ጻፍኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ያኔ ሳጥን ይኑር አይኑር ግድ አልነበረኝም። ቤዟንም ከጉድጓድ አውጥቼ ለሰው ልሰጣት ነበር። መልስሽ መጥቶ «አዳራሽ ነው ዳስ» ስትዪኝ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ሦስቱን ዓይነት ስትዘረዝሪልኝ ሳላውቀው መምረጥ ጀመርኩ። ሰው የሚመርጠው ሊጫወት ሲያስብ ነው።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ፦ ሁለት ላኪ ብልሽ መዋሸት ነው፤ አንድ ብልሽ መናገር ነው። ብዕሩን ይዤ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ መዋሸቱ አልሆነልኝም። መናገሬ እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልታየኝም ነበር፤ መካኒክ ነኝ፣ የተፈታውን ብሎን እንጂ የቀረውን አልቆጥርም።

ለጋሼ ስለ ሰዓዳ አወራኋቸው። በእናቷ ወጥታለች ያልሽውን ስነግራቸው ሳቁ። ከመንፈቅ ወዲህ ጥርሳቸውን ያየሁት ያን ዕለት ነው።

ስትመጪ ማሩ ቀስ ብሎ ይነዳል፤ አስምዬዋለሁ። ሲሪንቃ አክስትሽ ቤት ታድሪያለሽ። በጠዋት ሰዎች ይመጣሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር እኖራለሁ። ከዚህ በላይ አልጽፍም። ልጅቷን የሚይዝ ሰው አጠገብሽ እንዲኖር ለአክስትሽ ነግሬያለሁ።

ወንድምሽ ዘውዱ


አዲስ አበባ
ሰኔ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ወንድሜ ዘውዱ፣

በሰላም ገብተናል፤ ደብዳቤህም ተከትሎን ደረሰ። ሰዓዳ መንገዱን ሙሉ ተኝታ አዲስ አበባ ስንደርስ ነቃች፤ ማሩ «ይቺ ሾፌር ነው የምትሆነው» ብሏል።

መጀመሪያ የጠየቅከኝን ልመልስ። ልምምድ ላይ የሚያስቸግርህ ጉርምርምታ የጄኔሬተሩ ነው። ዲአዩ ጎን ላይ ትንሽ መቀየሪያ አለች፤ ወደ ሌላኛው በኩል ግፋት፣ የመሬቱን መስመር ትቆርጠዋለች፣ ጉርምርምታውም ይቆማል። ባይቆም ገመድህን ከጄኔሬተሩ ገመድ አርቀው። ወፍራሙን ማዞሪያ ደግሞ ሳላይህ እንደምትጨምረው አውቃለሁ። ተው።

የሐራው ሰው ለልጁ ሰርግ እናንተን ከመጥራቱ በፊት ሽማግሌ ይዞ አባባ ዘንድ ሄዶ ሐዘናችሁን ጠብቀን ነው ማለቱን ስትነግረኝ ደስ አለኝ፤ ወግ የሚያውቅ ሰው ነው። አባባ «ልጄ የኖረበት ሥራ ነው፤ ምቱ» ማለታቸውንም። ከእሳቸው ሌላ አልጠብቅም።

አንተ ያላየኸውን አንድ ነገር ልንገርህ። በዚያ ጠዋት ሲሪንቃ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ፈርቼ ነበር። ሐዘንን ሁለት ወር ውጬ ከርሜ አሁን ቢደርቅብኝስ፣ ሳላለቅስ ቀርቼ አባባ ቢያውቁብኝስ ብዬ። ሰዎቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ አባባ ከዘራቸውን ደጃፉ ላይ ሲያስቀምጡ ሳይ ሁሉም ነገር ወጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም። እዚያ ነበርክ፣ አይተሃል።

ያላየኸው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ሰው ሁሉ ሲበተን አባባ ሰዓዳን ታቅፈው አጠገቤ ተቀመጡ። «እስቲ በአላህ፣ ከዚያ በፊት የነገረሽ ሰው ነበር?» አሉኝ።

«የነገረኝ ሰው የለም አባባ» አልኳቸው። እውነት ነው፤ ማንም አልነገረኝም።

ፊቴን አዩኝ። ልጅ ሆኜ ስኳር ስሰርቅ እንደሚያዩኝ። ከዚያ፣ «እንግዲያው ደህና አድርገን ጠብቀንሻል» አሉ። ያን ሌሊት ሳይነቁ አነጉ ብላኛለች እናቴ። አውቀውብኝ ይሆን አላውቅም። ቢያውቁም አይነግሩኝም፤ እኔም አልጠይቃቸውም።

ሌላው ጥያቄህ፣ ሁለት ዲአይ ይዤ መጥቼ ሁለተኛውን ለምን ኪቦርዱ ላይ ትቼው እንደሄድኩ ነው። እናቴ ጠዋት ጠዋት ጨርቁን ስታራግፍ አንሥታ መልሳ ታስቀምጠዋለች ብለሃል። ሰርጉ ዕለት ከእሷ ተቀበለውና ይዘኸው ሂድ። አንዱን ቤዝህ ላይ ሰካ፤ ሌላውን ሳትሰካው አጠገብህ፣ እሱ ይቆምበት በነበረው በኩል አስቀምጠው። ማንም ቢለምንህ እንዳታውሰው። አንድ ይበቃል ደግሞ እንዳትለኝ።

አሁን ሁለት አላችሁ። ከእንግዲህ አትጣሉ።

ኢብቲሳም